ባንክ ሲሸጥ ለፕሬዚዳንቱ ስንት ይከፈላል?

ሁለት ባንኮች ሲዋሃዱ ዜናው የሚያወራው ስለ ግዢው ዋጋ ነው። ካፒታል ዋን ዲስከቨርን በ35.3 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ሲሰማ፣ ሁሉም የጻፈው ይህንኑ ቁጥር ነበር። ግዢው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ በ2025 ተጠናቀቀ። ለባለአክሲዮኖች የሚላከው ሰነድ ግን ከዋጋው በላይ ብዙ ነገር ይዟል። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ባንክ ከሌላ ጋር ሲዋሃድ፣ በሰነዱ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ የግድ መኖር አለበት። ሠንጠረዡ የባንኩን ከፍተኛ ኃላፊዎች በየስማቸው ይዘረዝራል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በግዢው ምክንያት የሚደርሰው ጥሬ ገንዘብ፣ አክሲዮን፣ ጡረታ፣ የጤና መድንና ሌላ ጥቅማጥቅም ይቀመጣል። በመጨረሻም ድምሩ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሠንጠረዥና ከጀርባው ስላለው ውል ነው። ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ግን አይደለም። የካፒታል ዋን ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ቨርጂኒያ፣ ማክሊን ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት አካባቢ ማለት ነው። በዚያ ሰፈር በባንክ የሚሠራም፣ በጡረታ ቁጠባው የባንክ አክሲዮን የያዘም ወገን ሞልቷል። አገር ቤት ደግሞ የባንኮች ውህደትና የውጭ ገዢ መምጣት ከወሬ አልፎ ሕግ ሆኗል። የእኛም ባለአክሲዮኖች ይህን ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ የምለው ጥያቄው ከውህደቱ በፊት ይምጣ ነው። ምክንያቱም የሥራ አስፈጻሚ ውል የሚጻፈው ነገር ሁሉ ሰላም በሆነ ቀን ነው። በጥሞና የሚነበበው ግን ባንኩ በተሸጠ ማግስት ነው። ያኔ መለወጥ አይቻልም።

ውሉ ምን ይላል?

የአንድ ባንክ ፕሬዚዳንት የሥራ ውል መጀመሪያ የሚነግረን የታወቀውን ነው። ደመወዝ፣ ቦነስ፣ መኪና፣ የውሉ ዘመን። የአሜሪካ ባንኮች ውል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው፤ ማንም ካልተቃወመ በየዓመቱ ራሱን ያድሳል።

ዋናው ነገር ስለ መለያየት የሚያወራው ክፍል ነው። ኃላፊው ቢሞት ምን ይከፈላል? ቢታመም? በራሱ ፈቃድ ቢለቅ? በጥፋት ቢባረር? ያለ ጥፋቱ ቢሰናበት? ለእያንዳንዱ የተለየ መልስ አለ። በጥፋት ለተባረረ ምንም የለም። ያለ ጥፋቱ ለተሰናበተ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ደመወዝ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድ የተለየ አንቀጽ ይመጣል። ባንኩ በሌላ እጅ ከገባ በኋላ ቢሰናበትስ? እዚህ ላይ ክፍያው ያድጋል። የደመወዝና የቦነስ ድምር በሁለት ወይም በሦስት ይባዛል። ለኃላፊው ቃል ተገብተው የሚወስድበት ጊዜ ያልደረሱ አክሲዮኖች በአንድ ቀን ይደርሳሉ። የጤና መድኑ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። አሜሪካኖች ጎልደን ፓራሹት፣ የወርቅ ፓራሹት፣ የሚሉት ይህንን ነው።

ለምን ይከፈላል? ምክንያቱ ቀልድ አይደለም፤ በቁም ነገር ላስረዳው። አንድ ባንክ ጥሩ የመግዣ ዋጋ ቀረበለት እንበል። ባለአክሲዮኖቹ ይጠቀማሉ። ፕሬዚዳንቱ ግን ሥራውን ያጣል፤ አንድ ባንክ ሁለት ፕሬዚዳንት አያስፈልገውምና። ድርድሩን የሚመራው ደግሞ ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው። ነገ ምን እበላለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው ጥሩ ዋጋ ሲመጣ ሰበብ ፈልጎ ገዢውን ሊመልሰው ይችላል። የስንብት ክፍያው ይህን ስጋት ያነሳለታል። ሁለተኛም ምክንያት አለ። ግዢው ከተነገረበት እስከሚፈጸምበት ቀን ወራት ያልፋሉ። በነዚያ ወራት ተፎካካሪ ባንኮች ስልክ ይደውላሉ። ጎበዝ የብድር ኃላፊ ሲሄድ ደንበኞቹን ይዞ ነው የሚሄደው። ገዢው የገዛው ባዶ ሕንፃ እንዳይሆን ሰዎቹን የሚያቆይ ነገር ያስፈልጋል።

በዚህ አምናለሁ። ችግሩ ያለው በመጠኑና በአጻጻፉ ላይ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ክፍያው መቼ ይነሳል የሚለው ነው። ሁለት ዓይነት ውል አለ። በአንደኛው ባንኩ መሸጡ ብቻ ይበቃል። ኃላፊው ሥራው ላይ ቢቀጥልም ገንዘቡን ይወስዳል። በሁለተኛው ሁለት ነገር መሟላት አለበት፤ ባንኩ መሸጥ አለበት፣ ኃላፊውም ከሥራ መውጣት አለበት። ዛሬ በአሜሪካ ለጥሬ ገንዘብ ክፍያ የተለመደው ሁለተኛው ነው። ባለአክሲዮኖችም የሚደግፉት እሱን ነው። ትክክልም ናቸው፤ ሥራውን ላላጣ ሰው የስንብት ክፍያ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።

ግን ሁለተኛውም ዓይነት ቢሆን ቀዳዳ አለው። ውሉ «ከተሰናበተ» ብቻ አይልም። «በበቂ ምክንያት ከለቀቀ» የሚልም ይጨምራል። በቂ ምክንያት የሚባሉት ደመወዝ መቀነስ፣ የሥራ ቦታ ወደ ሩቅ መዛወር፣ ኃላፊነት መቀነስ ናቸው። ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው፣ ገንዘቡ ግን ያለው የመጨረሻው፣ ኃላፊነት መቀነስ የሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው የአንድ ራሱን የቻለ ባንክ ፕሬዚዳንት ነበር እንበል። ተጠሪነቱ ለቦርድ ነበር። ባንኩ ሲገዛ የትልቁ ባንክ የአንድ ክልል ኃላፊ ይሆናል። ደመወዙ አልተነካም፣ ቢሮውም ያው ነው። ኃላፊነቱ ግን ቀንሷል፤ አሁን ተጠሪነቱ ለሌላ ሥራ አስፈጻሚ ነው። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ ለቆ ሙሉውን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ያለው ውል በተግባር አንድ ብቻ ይሆናል።

በደንብ የተጻፈ ውል ይህን ያጠብቀዋል። ኃላፊው ቅሬታውን በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ባንኩ ጉዳዩን እንዲያስተካክል 30 ቀን ይሰጠዋል። ካላስተካከለ ብቻ ነው ኃላፊው መልቀቅ የሚችለው። እኔ የአንድን ባንክ ውል ለማንበብ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጠኝ፣ ደመወዙን ትቼ በቀጥታ የማነበው «በቂ ምክንያት» የሚለውን ትርጉም ነው።

ባንኩ በሌላ እጅ ገባ የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚወስነው የ«ቁጥጥር ለውጥ» ትርጉምም እንደዚያው ዋጋ አለው። አንድ ባለሀብት ከ50 ከመቶ በላይ ሲይዝ ነው? 30 ከመቶ ይበቃል? የቦርዱ አብላጫ አባላት ሲቀየሩስ? ባለአክሲዮኖች ግዢውን ሲያጸድቁ ነው ወይስ ግዢው ሲፈጸም? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ስፕሪንት የተባለው የስልክ ኩባንያ በወርልድኮም ሊገዛ ሲል ባለአክሲዮኖቹ አጸደቁ። ውሎቹ ከማጽደቁ ጋር የታሰሩ ስለነበሩ የኃላፊዎቹ የአክሲዮን መብት ያኔውኑ ደረሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግዢው በተቆጣጣሪዎች ተቃውሞ ቀረ። የደረሰው መብት ግን አልተመለሰም። ባንክ ባይሆንም ትምህርቱ ለባንክም ይሠራል።

2.99 ከየት መጣ?

የአሜሪካ ባንኮችን ውል ያነበበ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያጋጥመዋል፦ 2.99። ክፍያው «የአማካይ ገቢው 2.99 እጥፍ» ይላል። ለምን 3 አልሆነም?

እ.ኤ.አ. በ1982 ቤንዲክስ የተባለ ኩባንያ ማርቲን ማሪየታን ያለ ፈቃዱ ሊገዛ ተነሳ። ማርቲን ማሪየታ በተራው ቤንዲክስን መግዛት ጀመረ። በመጨረሻ ቤንዲክስ ራሱ በአላይድ እጅ ገባ። የቤንዲክስ ኃላፊ ዊሊያም ኤጊ ግን ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝላቸው ውል ነበራቸው። ጉዳዩ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ። ኮንግረስም በ1984 የታክስ ሕጉን አሻሻለ።

ሕጉ እንዲህ ይሠራል። የኃላፊው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ገቢ ይሰላል። ከግዢው ጋር የተያያዘ ክፍያ ሁሉ ይደመራል። ድምሩ የአማካዩን 3 እጥፍ ከነካ ቅጣት ይመጣል። ቅጣቱ የሚታሰበው ከ3 እጥፉ በላይ ባለው ላይ አይደለም፤ ከ1 እጥፉ በላይ ባለው በሙሉ ነው። በዚያ ገንዘብ ላይ ኃላፊው ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 20 ከመቶ ይከፍላል። ባንኩ ደግሞ ያንን ገንዘብ እንደ ወጪ ይዞ ከግብሩ መቀነስ አይችልም።

በቁጥር እንየው። አማካይ ገቢው 400 ሺህ ዶላር የሆነ የአንድ መለስተኛ ባንክ ኃላፊ አለ እንበል። ሦስት እጥፉ 1.2 ሚሊዮን ነው። ክፍያው 1,199,999 ዶላር ከሆነ ምንም ቅጣት የለም። አንድ ዶላር ተጨምሮ 1,200,000 ሲሞላ 800 ሺህ ዶላሩ በሙሉ ቅጣት ውስጥ ይገባል። ኃላፊው 160 ሺህ ዶላር ተጨማሪ ግብር ይመጣበታል። ባንኩ በ21 ከመቶው የኩባንያ ግብር ሲታሰብ 168 ሺህ ዶላር ያጣል። ሁሉም በአንድ ዶላር ምክንያት። ጠበቆች 2.99 ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው።

አንዳንድ ባንኮች ደግሞ ወደ ባሰው ሄዱ። ኃላፊው ቅጣቱ እንዳይሰማው «ግብሩን እኛ እንከፍልልሃለን» የሚል አንቀጽ ጨመሩ። ያ የሚከፈልለት ገንዘብ ራሱ ገቢ ስለሆነ ግብር አለበት። በዚያ ግብር ላይ ሌላ ግብር አለ። በከፍተኛው የገቢ ግብር እርከን ላይ ላለ ሰው፣ 160 ሺህ ዶላር ቅጣትን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ባንኩ ወደ 390 ሺህ ዶላር ማውጣት አለበት። የክፍለ ግዛቱ ግብር ሳይጨመር ነው ይህ። ባለአክሲዮኖች አጥብቀው ስለተቃወሙት በአዳዲስ ውሎች ላይ እየቀረ መጥቷል። ግን የቆዩ ውሎች ውስጥ ተኝቶ የቀረ አንቀጽ ባንኩ ሲሸጥ ይነቃል።

ከዚህ ሕግ የምወስደው ነገር አለ። ኮንግረስ ሊገድብ ፈልጎ 3 እጥፍን መስመር አደረገ። ቦርዶች ደግሞ መስመሩን እንደ ተፈቀደ መጠን አዩት። ሕግ አውጪው ይህን ያህል ይበቃል ካለ፣ ማን ከዚያ በታች ይደራደራል? ጣሪያ እንዲሆን የታሰበው ወለል ሆነ። የእኛ ተቆጣጣሪዎች አንድ ቀን ስለዚህ ጉዳይ ቁጥር ሊያስቀምጡ ቢነሱ ይህን ታሪክ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሌላ ነገር አመጣ። በ2010 የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ ባለአክሲዮኖች በፓራሹቱ ላይ ለብቻው ድምፅ እንዲሰጡ አዘዘ። ጥሩ ነው። ግን ድምፁ ምክር ብቻ ነው፤ ቦርዱን አያስገድድም። ደግሞም የሚሰጠው ግዢው ቀርቦ፣ ዋጋው ተነግሮ፣ ሁሉም ሰው ገንዘቡን መቀበል በፈለገበት ሰዓት ነው። ባለአክሲዮኑ ፓራሹቱን «አይሆንም» ቢልም ውሉ ከዓመታት በፊት ተፈርሟል። ይከፈላል። የሠንጠረዡ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ሌሎች ቦርዶች ያዩታል፣ ጋዜጠኛ ያየዋል፣ ቀጣዩ ውል ሲጻፍ አንድ ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

ባንክ ከሌላ ድርጅት ይለያል

እስካሁን ያልኩት ለሲሚንቶ ፋብሪካም ይሠራል። ባንክ ግን የሰው ገንዘብ ይዟል። በአሜሪካ ከጀርባው ኤፍዲአይሲ የሚባለው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት አለ። ባንክ ሲወድቅ አስቀማጩን የሚከፍለው እሱ ነው። ስለዚህ ባንኩ ችግር ውስጥ ከገባ ለኃላፊዎቹ የስንብት ክፍያ መክፈል በመርህ ደረጃ ክልክል ነው። ለመክፈል የተቆጣጣሪዎቹ ፈቃድ ይጠየቃል። ባንኩ ከተዘጋ ደግሞ ኤፍዲአይሲ እንደ ንብረት አጣሪ ሆኖ ውሉን ራሱ የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ለዚህ ነው በአሜሪካ የባንክ ኃላፊዎች ውል ውስጥ «ይህ ክፍያ ለፌዴራል ደንብ ተገዢ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የማይጠፋው።

ሁለት ታሪኮች ይህን በደንብ ያሳያሉ። ዋሽንግተን ሚውቹዋል በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የወደቀ ባንክ ነው፤ ወደ 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ነበረው። ሊወድቅ ሲል፣ በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ.፣ አለን ፊሽማን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራ ላይ የቆዩት 17 ቀን ነው። መንግሥት ባንኩን ወስዶ ለጄፒሞርጋን ቼዝ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው። ፊሽማን ሲገቡ 7.5 ሚሊዮን ዶላር የመፈረሚያ ክፍያ ነበራቸው። በውላቸው ላይ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ የስንብት ክፍያም ነበር። በጊዜው እንደተዘገበው የስንብቱን ላለመውሰድ ወሰኑ። እኔን የሚያሳስበኝ የሰውየው ምርጫ አይደለም። ቦርዱ ባንኩ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ እንዲህ ያለ ውል መፈረሙ ነው። ለመስመጥ ለተቃረበ ባንክ አዲስ መሪ ማግኘት ውድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ወጪው ውድቀትንም ጭምር የሚሸልም መሆን አልነበረበትም።

ሁለተኛው ቨርነን ሂል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኮሜርስ ባንክን መሥርተው ትልቅ አደረጉት። በ2007 ተቆጣጣሪዎች ባንኩን እየመረመሩ ባሉበት ወቅት ከኃላፊነት ወረዱ። የካናዳው ቲዲ ባንክ ኮሜርስን በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሂል በውላቸው መሠረት በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የስንብት ክፍያ ይገባኛል ብለው ከሰሱ። ባንኩ የፌዴራሉ ደንብ አያስከፍለኝም አለ። ሙግቱ ዓመታት ወሰደ። ሂል ተሸነፉ። የተፈረመ ውል፣ መሥራች የነበሩ ሰው፣ በደንብ የሚሠራ ገዢ ባንክ። ሁሉም እያለ የባንክ ደንብ ከውሉ በላይ ሆነ።

ስዊዘርላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ሰጠ። ወደ 68 ከመቶ የሚሆነው በገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ለኃላፊዎቻቸው የመግቢያና የስንብት ስጦታ እንዳይከፍሉ አለ። ድምፁ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ኖቫርቲስ ለተሰናባቹ ሊቀ መንበሩ ዳንኤል ቫሴላ እስከ 72 ሚሊዮን ፍራንክ ሊከፍል መስማማቱ ታወቀ። ለተፎካካሪ እንዳይሠሩ በሚል ነበር። ሕዝቡን ምን ያህል እንዳስቆጣው ውጤቱ ተናገረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዩቢኤስ ክሬዲት ስዊስን በጥድፊያ ሲገዛ ይህ እገዳ በሥራ ላይ ነበር። ሙሉ እገዳ ሁሉን አይፈታም፤ ኩባንያዎች ገንዘቡን ወደ ደመወዝና ወደ ሌላ ስም ሊያዞሩት ይችላሉ። ግን ጉዳዩ ለቦርድ ክፍል ብቻ የተተወ ነገር እንዳልሆነ አሳይቷል።

አዲስ አበባ ላይስ?

ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የንግድ ባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ሆነ። ለነባር ባንኮች የተሰጠው የጊዜ ገደብ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ነው። መሙላት ለሚከብደው ባንክ አንዱ መንገድ ከሌላ ጋር መዋሃድ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው አዲሱን የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 አጸደቀ። የውጭ ባንኮች እዚህ ባንክ መክፈት፣ ቅርንጫፍ ማቋቋምና በአገር ውስጥ ባንኮች አክሲዮን መግዛት ተፈቀደላቸው። አንድ ስትራቴጂያዊ የውጭ ባለሀብት በአንድ ባንክ ውስጥ እስከ 40 ከመቶ መያዝ ይችላል። በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ባለሀብቶች ድርሻ በጠቅላላ ግን ከ49 ከመቶ አያልፍም።

ባንክ በባንክ ሲዋጥ ከዚህ በፊት አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ውስጥ ገባ። ሁለቱም የመንግሥት ስለነበሩ ሻጭና ገዢ ተቀምጠው ስለ ፕሬዚዳንት ውል የሚደራደሩበት ነገር አልነበረም። የሚቀጥለው ግን የግል ባንኮች ነው። ሺዎች ባለአክሲዮኖች አሏቸው፤ አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ዳያስፖራ። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የባንክ አክሲዮን መግዛት ተፈቅዶላቸዋል። ገንዘባቸው እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን እስካሁን ያልነውን በእኛ ሁኔታ እንሞክረው። የአሜሪካን ውል ገልብጦ የሚያመጣ ጠበቃ «የቁጥጥር ለውጥ ማለት አንድ ሰው ከ50 ከመቶ በላይ ሲይዝ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በእኛ ሕግ የውጭ ገዢ ከአገር ውስጥ ባንክ 50 ከመቶ ሊይዝ አይችልም። 40 ከመቶ ይዞ ግን፣ ሌላው አክሲዮን በሺዎች እጅ በተበተነበት ባንክ ውስጥ፣ ባንኩን በተግባር ሊመራው ይችላል። ስለዚህ በዚያ ውል መሠረት የቁጥጥር ለውጥ በጭራሽ አይመጣም፤ ኃላፊው ሜዳ ላይ ይቀራል። በተቃራኒው ውሉ 25 ከመቶ ካለ፣ ባንኩ ካፒታሉን ለማሳደግ ብቻ አጋር ሲያስገባ ክፍያው ሊነሳ ይችላል። አዲስ የገባው ገንዘብ ገና ሥራ ሳይጀምር ለኃላፊዎች ስንብት ይወጣል ማለት ነው።

የቦርድ ለውጥን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ደግሞ ለእኛ የበለጠ አደገኛ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከመንግሥት በቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 ከመቶ በላይ እንዳይዝ ከልክሎ ነበር። ባለቤትነቱ የተበተነው በዚህ ምክንያት ነው። በተበተነ ባለቤትነት ውስጥ የቦርድ ምርጫ ሲመጣ ብዙ አባላት በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሊቀየሩ ይችላሉ። ባንኩ አልተሸጠም፣ አልተዋሃደም። ምርጫ ብቻ ነው የተደረገው። «አብላጫው ቦርድ ከተቀየረ» የሚል ውል ባለአክሲዮኖች ድምፅ በመስጠታቸው ብቻ ያስከፍላቸዋል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በኢትዮጵያ ባንክ ውል ውስጥ ቦታ የለውም ባይ ነኝ።

መረጃው ከየት ይገኛል? ባንኮቻችን የሒሳብ ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ያዘጋጃሉ። በዚያ ደረጃ መሠረት ለቁልፍ የአመራር አባላት የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ በዓይነት ተለይቶ በማብራሪያ ላይ መውጣት አለበት፤ የስንብት ክፍያም አንዱ ዓይነት ነው። ብዙ ባለአክሲዮን የትርፍ ድርሻውን ገጽ አይቶ ሪፖርቱን ይዘጋል። ያንን ማብራሪያ ፈልጉት። ግን ገደብ አለው። የሚያሳየው የተከፈለውን በጅምላ እንጂ ወደፊት ባንኩ ቢዋሃድ ሊከፈል ቃል የተገባውን በስም አይደለም። ለዚያ ጉባኤው ላይ እጅ ማንሳት ያስፈልጋል። የቦርዱን ሊቀ መንበር መጠየቅ ያለብን ሦስት ነገር ነው፦ ባንኩ ከተዋሃደ ወይም ስትራቴጂያዊ ባለሀብት ከገባ ለከፍተኛ ኃላፊዎች የሚከፈል ነገር በውል ተይዟል ወይ? ጣሪያው ስንት ነው? ባንኩ በብሔራዊ ባንክ እርምጃ ከተወሰደበት ይሰረዛል ወይ? የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ባንክ ነው፣ ወጋገን። የገበያው ባለሥልጣን የአሜሪካውን ዓይነት ሠንጠረዥ ለተመዘገቡ ባንኮች ግዴታ ቢያደርገው ብዙ ክርክር ከመነሻው ይቀላል።

መሀል ላይ ያሉት

ስለ ፕሬዚዳንቶች ይህን ያህል ካወራሁ፣ በውህደት የሚጎዱት በብዛት እነሱ እንዳልሆኑ መናገር አለብኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት መዋሃዱ ወይም ባለቤቱ መቀየሩ ብቻውን የሠራተኛን ውል እንደማያቋርጥ ይደነግጋል። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚወጣ ሰውም ቀመር አስቀምጧል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። በላዩ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። 10 ዓመት የሠራ፣ 30 ሺህ ብር የሚከፈለው የባንክ ሠራተኛ በዚህ ስሌት 180 ሺህ ብር ያገኛል። ብዙ አይደለም። ግን ሕግ ነው፣ ማንም አይነፍገውም።

ይህ አዋጅ «የሥራ መሪ» የሚባለውን አይሸፍንም። ፕሬዚዳንቱ የሥራ መሪ ነው፤ ምክትሎቹም። ግን እዚያ አይቆምም። ትርጉሙ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለውን ያካትታል። የሕግ አገልግሎት ኃላፊንም ይጨምራል። ስለዚህ አንድ የመምሪያ ዳይሬክተር በሥልጣኑ ምክንያት የሥራ መሪ ሊባል ይችላል። ያኔ ጉዳዩ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በራሱ ውል ነው። ገንዘብ ቆጣሪው አዋጁ አለው። ፕሬዚዳንቱ ተደራድሮ የጻፈው ውል ሊኖረው ይችላል። ዳይሬክተሩ ሁለቱም የለውም። ውሉ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ የሹመት ደብዳቤ ነው።

ሁለት ባንኮች ሲዋሃዱ ደግሞ መጀመሪያ የሚደራረበው የሱ ወንበር ነው። ሁለት የሰው ኃይል ዳይሬክተር፣ ሁለት የሕግ ዳይሬክተር፣ ሁለት የአይቲ ዳይሬክተር። ቅርንጫፎቹ በአብዛኛው ይቀጥላሉ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን አንድ ይሆናል። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ፣ ልጆቹን በባንኩ ብድር በገዛው ቤት የሚያሳድግ ሰው ከሥራው ጋር ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድሩም ሊያሳስበው ይችላል። ስንብት ሲመጣ ብድሩ ወደ ገበያ ወለድ ይዞር ይሆን? በስንት ወር ውስጥ? ይህም በጽሑፍ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ብዙ የአሜሪካ ባንኮች ለመካከለኛ ኃላፊዎቻቸው የግል ውል አይጽፉም። በምትኩ ቦርዱ ለደረጃው በሙሉ የሚሠራ አንድ ፖሊሲ ያጸድቃል። ባንኩ በተዋሃደ በ12 ወር ውስጥ ያለ ጥፋቱ የተሰናበተ ይህን ያህል ወር ደመወዝ ያገኛል ይላል። ተደራድሮ፣ ጠበቃ ይዞ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም። ለእኛ ባንኮች የሚበጀው ይህ ይመስለኛል፦ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ያለው፣ ጣሪያው የታወቀ፣ የቤት ብድሩን ዕጣ የሚያካትት፣ ከፕሬዚዳንቱ እስከ ዳይሬክተሩ በአንድ ቀመር የሚሠራ ፖሊሲ። ቦርዱ ሊያጸድቀው የሚገባው ደግሞ ገዢ ወይም የሚዋሃድ ባንክ ከመታወቁ በፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ ስም ያለው ገዢ ከተቀመጠ በኋላ የሚጻፍ እያንዳንዱ መስመር ለማን እንደተጻፈ ይታወቃል፤ ባለአክሲዮኑም ገዢውም በጥርጣሬ ያዩታል፣ ዳይሬክተሩም እስከዚያ ሌላ ሥራ ፍለጋ ጀምሯል።